ከፍላችሁ ሳትጠቀሙበት እንዳትመለሱ፦ በጀርመን ያሳለፍኩት አንድ ሴሚስተር

የዶርሜን ቁልፍ የማስረክበው ከነገ ወዲያ ነው። ሻንጣዬ አልጋው ላይ እንደተከፈተ ነው፤ ግማሹ ልብስ፣ ግማሹ ለቤተሰብ የገዛሁት ቸኮሌት። በዚህ ሳምንት ብቻ በሚቀጥለው ሴሚስተር የሚመጡ ሦስት ልጆች በቴሌግራም ጽፈውልኛል። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው። ምን ይዘን እንምጣ? ምኑ ላይ ገንዘብ እናውጣ? ምኑስ አያስፈልግም? ለእያንዳንዳቸው ድምፅ ቀድቼ ከምልክ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የመጣሁት በልውውጥ ፕሮግራም ነው፣ ለአንድ ሴሚስተር። ቦታው ቱሪንገን የሚባለው የጀርመን ክፍለ ግዛት ውስጥ ያለች አንዲት የተማሪ ከተማ ናት። የክረምቱ ሴሚስተር በወረቀት ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 ነው። ትምህርቱ ግን በኦክቶበር አጋማሽ ተጀምሮ ፌብሯሪ ላይ ያልቃል፣ መሃል ላይ ደግሞ የፈረንጅ ገና እረፍት አለ። ስትቆጥሩት 15 ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ቶሎ ያልቃል። እኔ መንገዱ ገና ሲገባኝ አለቀብኝ።

የምገመግመው ዩኒቨርሲቲውን አይደለም። የምገመግመው ገና ስንመዘገብ የምንከፍላትን ክፍያና በእሷ የሚገኘውን አገልግሎት ነው። በጀርመን በአብዛኛው ክፍለ ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለትምህርቱ አያስከፍልም። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል፣ እሱም የልውውጥ ተማሪን አይነካም። ሁሉም የሚከፍለው ግን አንድ ነገር አለ፤ ዜሜስተርባይትራግ ይባላል፣ የሴሚስተር መዋጮ እንበለው። እንደ ከተማው ይለያያል፣ ብዙ ቦታ ከ100 እስከ 350 ዩሮ ነው።

እኔ ይህን ስከፍል ወዲያው ወደ ብር መነዘርኩት። አንጀቴ ተቃጠለ። ከዚያ የምዝገባ ክፍያ ነው ብዬ ረሳሁት። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነበር፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም እናንተ እንዳትደግሙት ነው። እዛች ክፍያ ውስጥ የትራንስፖርት ትኬት አለ። የተማሪ ምግብ ቤት አለ። ዶርም ለማመልከት የሚያበቃችሁ መብት አለ። የምክር አገልግሎት አለ። እኔ ግማሹን መጠቀም የጀመርኩት ሴሚስተሩ ከተጋመሰ በኋላ ነው።

ከትኬቱ ልጀምር። 5 ከ5 ነው፣ ያለ ምንም ማመንታት።

ወር ተኩል ያህል ትኬቱ ለከተማ አውቶቡስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በኖቬምበር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ኤርፉርት ሊሄድ ጫማውን እያሰረ "ለምን አትመጪም?" አለኝ። የባቡር ገንዘብ የለኝም አልኩት። ስልኬን ተቀብሎ ትኬቴን ከፈተና አሳየኝ፤ በክልል ባቡሮቹ በሙሉ ይሠራል። ለካ ያን ሁሉ ቅዳሜና እሑድ ክፍሌ ውስጥ ተኝቼ ያሳለፍኩት በነፃ መሄድ እየቻልኩ ነው። በጣም አዘንኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድም ቅዳሜ አላሳለፍኩም። ኤርፉርት፣ ቫይማር፣ አይዘናህ ሄድኩ፤ አይዘናህ ላይ የፕሮቴስታንት ተሃድሶ መሪው ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1521 ተደብቆ አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ መተርጎም የጀመረበት የዋርትቡርግ ግንብ አለ።

ከሁሉ የማልረሳት ግን ጎታ የምትባለውን ከተማ ነው። ከኤርፉርት በክልል ባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ኮረብታው ላይ ፍሪደንሽታይን የሚባል ትልቅ ቤተ መንግሥት አለ። እ.ኤ.አ. በ1652 እዚያ አንድ የአገራችን ሰው በእንግድነት ቆይቷል፤ አባ ጎርጎርዮስ፣ የመካነ ሥላሴ ሰው። የኤርፉርቱ ተወላጅ፣ ምሁሩ ሂዮብ ሉዶልፍ ሮም ላይ አግኝቷቸው ነበር፣ ከዚያ የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዛቸው። ሉዶልፍ ግዕዙን ያጠናው ከእሳቸው ጋር እየጠየቀ፣ እየጻፈ፣ እየታረመ ነው። አማርኛንም ያገኘው ከእሳቸው ነው፤ በኋላ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን አገራቸው አልገቡም። በ1658 ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ሲሞክሩ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ።

ግቢው ውስጥ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ብርድ ነበር፣ ሰውም አልነበረም። እኔ እኮ ክፍል ውስጥ እጄን ለማውጣት የምፈራው እንግሊዝኛዬ ይሰበራል፣ ጀርመንኛዬ ገና ነው ብዬ ነው። እሳቸው ከ370 ዓመት በፊት እዚህ የመጡት የሚያስተምሩት ነገር ይዘው ነው። በሚቀጥለው ሰኞ ሴሚናር ላይ ስለ አገራችን የመሬት ይዞታ የተሳሳተ ነገር ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አወጣሁ። መምህሩ ከክፍል በኋላ ጠርቶኝ ግማሽ ሰዓት አወራን። የሴሚስተሩ ምርጥ ግማሽ ሰዓት እሱ ነበር።

ስለ ትኬቱ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ በፈጣኖቹ ባቡሮች፣ አይሲኢ እና አይሲ በሚባሉት፣ አይሠራም። አርኢ ወይም አርቢ የሚል ፊደል ያለበትን እዩ። ያለ ትኬት ከተያዛችሁ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው፣ "አላውቅም ነበር" ብሎ ማምለጥ የለም። ሁለተኛ፣ ትኬቱ የሚሸፍነው እንደ ዩኒቨርሲቲው ይለያያል፤ አንዳንዱ ክፍለ ግዛቱን ብቻ ነው፣ አንዳንዱ መላ ጀርመንን። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጠይቁ። እኔ ያልጠየቅኩትን እናንተ ጠይቁ።

ሜንዛ፣ ማለትም የተማሪዎች ምግብ ቤት፣ 4 ተኩል ከ5። ከአገር ቤቱ ካፌ ጋር አታወዳድሩት፤ ወረፋ ስላለና ትሪ ስለሚያዝ ብቻ ነው የሚመሳሰሉት። ዋጋው ሦስት ዓይነት ነው፤ ለተማሪ፣ ለሠራተኛ፣ ለእንግዳ። የተማሪው በጣም ይረክሳል። እዚህ ቱሪንገን ቶስካ የምትባል የተማሪ ካርድ አለች፣ ገንዘብ ትሞሉባትና ሜንዛ ትከፍሉባታላችሁ፣ ቤተ መጻሕፍትም ትገቡባታላችሁ። እሷን ረስታችሁ አትውጡ።

ለምንጾም ልጆች ዋናው ነገር ይሄ ነው። የክረምቱ ሴሚስተር ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል፤ ኅዳር 15 ስትገባ እዚህ ኖቬምበር 24 ነው፣ ትምህርት በደንብ ጦፏል። "ቬጌታሪሽ" የሚለውን አይታችሁ አትውሰዱ። ሥጋ የለውም እንጂ ዕንቁላልና አይብ አለው። የእኛ ጾም ማለት "ቬጋን" ነው። በየቀኑ አንድ የቬጋን ምግብ አላጣሁም። የምስር ሾርባቸው ጥሩ ነው፣ ግን ቋሊማ የሚገባበት ቀን አለና ጠይቁ። ድንች ተፈጭቶ የሚሠራው የቱሪንገን ክሎሰ መጀመሪያ ልሙጥ ሆኖ ይሰማችኋል፣ ስትለምዱት ግን ያጠግባል፣ ለብርድም ይሆናል። ግማሽ ነጥብ የቀነስኩት በርበሬ ስለሌለ ነው። ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ በቦርሳችሁ ይኑር።

ከሜንዛ ውጭ ያለውን አስቀድማችሁ አስቡበት። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፣ ሱፐርማርኬቱም ጭምር። ቅዳሜ ያልገዛ እሑድ ይራባል። ኦክቶበር 31 ደግሞ ቱሪንገን ውስጥ የተሃድሶ በዓል ተብሎ ይዘጋል። እኔ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር፣ ቤት ውስጥ ዳቦ እንኳን አልነበረኝም። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ናቸው ያበሉኝ። የኛ ገና፣ ታኅሣሥ 29፣ ደግሞ እዚህ ተራ የሥራ ቀን ነው። በዕለቱ ፈተና ወይም የቡድን ሥራ እንዳይገጥማችሁ ከአሁኑ ቀኑን ለመምህሩ ንገሩት። ጠይቄ እምቢ ያለኝ የለም።

ከአገር ቤት ምን እንያዝ ላላችሁት፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ድርቆሽ። ድርቆሽ አትናቁ፣ በፈተና ሳምንት አተረፈኝ። ንጥር ቅቤ ግን አትያዙ። የወተትና የሥጋ ውጤት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱባችኋል፣ እናታችሁ አንጥራ የሰጠቻችሁ ሲጣል ማየት ያማል። ከዚያ ይልቅ ኮሰረት፣ በሶብላና ኮረሪማ ደረቁን አምጡና እዚህ ጨው የሌለው ቅቤ ገዝታችሁ አንጥሩት። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ሽታው ኮሪደሩን ሲሞላው ጎረቤቶቼ ምንድን ነው እያሉ መጡ፣ ቁጭ ብለን በላን። ከአብዛኞቹ ጋር የተዋወቅኩት በዚያ ቀን ነው።

ዶርሙ 4 ከ5። ክፍሌ ትንሽ ነው፣ አልጋና ጠረጴዛ አለው፣ ማሞቂያና ኢንተርኔት ጨምሮ በወር 280 ዩሮ ነበር። ኩሽናውን ለአምስት እንጋራለን። ሽቱዲየረንደንቨርክ የሚባለው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት ነው ዶርሞቹን የሚያስተዳድረው፣ በየከተማው አለ። የቅበላ ደብዳቤያችሁ በደረሰ ቀን አመልክቱ፣ ነገ አትበሉ። የግል ክፍል የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ሳታዩት ገንዘብ አትላኩ። እዚህ የማውቀው አንድ ልጅ ፎቶ ብቻ አይቶ የሁለት ወር መያዣ ልኮ ክፍሉም ሰውየውም አልተገኙም። የዓመት ቁጠባው ነበር።

አንድ ነጥብ የቀነስኩት በውሉ ነው። ውሌ እስከ ማርች መጨረሻ ነው፣ እኔ ግን ከፌብሯሪ ጋር እወጣለሁ። የአንድ ወር ኪራይ በባዶ ክፍል እየከፈልኩ ነው። ስፈርም ጠይቄ ቢሆን ወይ ቀኑን ማሳጠር ወይ በጊዜ ተከራይ መፈለግ ይቻል ነበር። የውላችሁ ማብቂያ ቀን ላይ አክብባችሁ አስምሩበት።

ከገባችሁ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አድራሻ ማስመዝገብ አለባችሁ። ቤቱን ያከራያችሁ አካል የሚሰጠው ማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ቁልፍ ስትቀበሉ አብራችሁ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መዋጮ ደብዳቤ ይመጣላችኋል። ቴሌቪዥን የለኝም ብላችሁ አትጣሉት። ክፍያው በቤት ነው እንጂ በሰው አይደለም፣ በወር 18.36 ዩሮ። ኩሽና የምትጋሩ ከሆነና አንድ ቤት ተብሎ የሚቆጠር ከሆነ አንዱ ይከፍላል፣ ሌሎቻችሁ ትካፈላላችሁ። በብርድም ቢሆን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ለአምስት ደቂቃ ክፈቱ፤ ግድግዳው ሻጋታ ካወጣ ተጠያቂው ተከራዩ ሊሆን ይችላል። ከማታ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ፀጥታ ነው። ከቤተሰብ ጋር በስልክ ስናወራ ድምፃችን እንዴት እንደሚወጣ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ትምህርቱ። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማንም ሳያስጠነቅቀኝ ነው የከፈልኩበት። አገር ቤት ኮርስ ከተመዘገብክ ፈተናው ውስጥ ነህ፣ አለቀ። እዚህ ለኮርሱ አንድ ምዝገባ አለ፣ ለፈተናው ሌላ። የፈተናው ምዝገባ በኢንተርኔት ነው፣ የመጨረሻ ቀን አለው፣ ቀኑ ካለፈ ስማችሁ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እኔ አንድ ኮርስ እንደዚያ አመለጠኝ። ሁሉንም ክፍል ገብቼ፣ ጽሑፌን አስገብቼ፣ ለፈተና አልቀመጥም ተባልኩ። አለቀስኩ። 30 ክሬዲት ይዤ መመለስ የነበረብኝ በ25 ነው የምመለሰው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የፈተና ምዝገባ ቀናችሁን ፈልጋችሁ ስልካችሁ ላይ ሦስት ማንቂያ ሙሉ።

ግሬዱም ተገልብጧል። እዚህ 1.0 ከሁሉ የበለጠው ነው፣ 4.0 ለማለፍ የምታበቃ የመጨረሻዋ ናት፣ 5.0 ወድቋል ማለት ነው። የኛ ሬጅስትራር ወረቀታችሁ ላይ 1.3 ሲያይ ምን እንደሚያስብ ገምቱ። ስለዚህ ትራንስክሪፕት ስትወስዱ የግሬድ አሰጣጡን የሚያብራራውን ገጽም አብራችሁ ተቀበሉ። የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫም በእጃችሁ ያዙ፣ ክሬዲት ሲዛወር "ምን ተማርሽ?" የሚል መምጣቱ አይቀርም።

ትምህርቱ ራሱ ነፃነቱ ያስደነግጣል። አቴንዳንስ ብዙ ቦታ የለም፣ የሚቆጣጠር የለም፣ ግን መጨረሻ ላይ ሁሉም በአንድ ፈተና ይጠየቃል። ፕሮግራማችሁ ላይ 10 ሲ.ቴ. የሚል ካያችሁ ክፍሉ የሚጀምረው 10፡15 ነው፣ በኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። ኤስ.ቴ. ካለ ግን በሰዓቱ ነው። ሌክቸሩ ሲያልቅ ጠረጴዛ በጡጫ ሲመቱ አትደንግጡ፣ ማጨብጨባቸው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ 5 ከ5። የሌላቸውን መጽሐፍ ከሌላ ከተማ ያስመጣሉ፣ እኔ በአንድ ተኩል ዩሮ አስመጥቻለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ የሚሆን ነገር ካለ እዚህ እያላችሁ አንብቡ፣ አገር ቤት የማታገኙትን ቅድሚያ ስጡ።

መጨረሻ ላይ ለማንም መናገር የማልፈልገውን ልጻፍ። በዲሴምበር ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ትጠልቃለች። አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ አትታይም። እኔ መጀመሪያ ድካም መሰለኝ። ከዚያ ጠዋት መነሳት አቃተኝ። እናቴ ስትደውል ስልኩ ሲጠራ እያየሁ ዝም እል ነበር፣ ምክንያቱም ድምፄን ከሰማች ታውቃለች። ሰው "ውጭ ናት፣ ተሳካላት" ሲል አንቺ ክፍልሽ ውስጥ ታለቅሻለሽ፤ ይህን ለማን ትናገሪዋለሽ?

ያው በዚያች የሴሚስተር መዋጮ ውስጥ የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት አለ። ነፃ ነው፣ የተናገርሽው ከአማካሪዋ አያልፍም፣ እኔ በእንግሊዝኛ ነው ያወራሁት። አራት ጊዜ ሄድኩ። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ልመለስ ነበር። አማካሪዋ ተአምር አልሠራችም፤ ቀኑን እንድከፋፍለው፣ ብርሃን ባለበት ሰዓት ውጭ እንድሄድ፣ ለእናቴ እውነቱን እንድነግራት ረዳችኝ። ለእናቴ ነገርኳት። "አይዞሽ ልጄ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለችኝ። ለዚህ አገልግሎት ነጥብ ለመስጠት ይከብደኛል፣ ከ5 በላይ ነው። ከእናንተ መሃል እንደኔ የሚሆን ካለ፣ እባካችሁ፣ እስከ ዲሴምበር አትጠብቁ።

ለክሊራንስ የመጨረሻውን ሳምንት አትተማመኑበት፣ ሁለት ሳምንት ስጡት። አድራሻችሁን ማሰረዝ አለ፣ ይሄ የሚቻለው ከመውጣታችሁ ቢበዛ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። የጤና መድን ማቋረጥ፣ የሬዲዮ መዋጮውን ማቋረጥ፣ ካርዷ ላይ የቀረውን ገንዘብ ማስመለስ አለ። የባንክ ሂሳቡን ግን የዶርሙ መያዣ ሳይመለስላችሁ አትዝጉት።

የምትመደቡት እኛ ዶርም ከሆነ፦ ትልቁን ድስት፣ አንድ ወፍራም ጃኬትና የቀረውን በርበሬ በመስኮቱ በኩል ባለው የኩሽና ቁም ሳጥን ውስጥ ከታች አስቀምጫለሁ። አብረውኝ ለሚኖሩት ልጆች ነግሬያቸዋለሁ፣ "የሀበሻ ልጅ ሲመጣ ስጡ" ብያቸዋለሁ። ድስቱ ከሥሩ ትንሽ አርሯል፣ ሽንኩርት ለማቁላላት ግን ከሱ የተሻለ እዚህ አላገኘሁም።